ላምባ ኻላስ

ጊታር ድምፅ ከሌለው ማገዶ ነው። ይህን የምለው ከመሬት ተነስቼ አይደለም፤ ዴም ሰፈር ተከራይቼ የኻርቱምን ሀበሻ ስድር ኖሬ ነው። ጣቴ ክፉ አይደለም፣ ጊታሬም ደህና ናት። ጠላቴ አምፕሊፋየሩ፣ ባጭሩ አምፕ የምንለው፣ ነበር፤ ከሻይ ማንቆርቆሪያ ብዙም የማይበልጥ የቻይና ሳጥን። ከሱ የሚወጣው ድምፅ ጣሳ ውስጥ የገባች ዝንብ ነው። ቢሆንም ጥዑመልሳን ኪቦርዱን ተሸክሞ እስኪመጣ ድረስ ተቻችለን እንኖር ነበር።

ስሙ ጥዑመልሳን ይሁን እንጂ ሰውየው አፉን አይከፍትም፤ የሚናገረው በቁልፍ ነው። አንዱን ሲጫን ከበሮ፣ አንዱን ሲጫን ሳክስፎን፣ ማሲንቆ ሳይቀር አለው። አንድ ቀን ልምምድ ላይ አንዱን ተጫነና ጊታር አሰማን። እውነተኛ ጊታር እንዳልሆነ ደንቆሮም ያውቃል። ክፋቱ፣ ከኔ ሳጥን ከሚወጣው ይሻላል።

ዘፋኛችንም አለቃችንም ማዘንጊያ ናት። ደግ ሴት ናት፤ እኔን የሚያበሳጨኝም ደግነቷ ነው፣ ሰው ተሳድቦ እንኳ አይወጣለትም። ልምምዱ ሲያልቅ ወደ ጥግ ወሰደችኝ።

«አብዱልወሃብ፣ ወላሂ ሰው ማባረር አልወድም» አለችኝ። «ግን ሰርገኛው ሙዚቃ እንጂ የሰው ብዛት አይፈልግም። የጁምዓውን ሰርግ እንየው። ሳጥንህ እንደ ሰው ከተናገረ ቦታህ ቦታህ ነው። ካልተናገረ ግን የልጁ ኪቦርድ ይበቃኛል።»

ለብቻዬ ብሆን ኖሮ እንደፈለጋት ባልኩ ነበር። ግን እህቴ ዘምዘም ከወረባቦ ተነስታ፣ በመተማ አቋርጣ፣ እኔ ጋ የገባችው በዚያው ሰሞን ነው። ታላቅ እህታችንም ከሷ በፊት እንዲሁ መጥታ እዚሁ ኻርቱም ሪያድ ሰፈር አንድ ትልቅ ቤት ተቀጥራ ነበር። ባለቤቶቹ ወደ ሌላ ዐረብ አገር ሲዛወሩ ከሶፋቸውና ከፍሪጃቸው ጋር ይዘዋት ሄዱ፤ ዛሬ ድምጿን የምንሰማው እነሱ ሲፈቅዱ ብቻ ነው። ስለዚህ እናቴ በስልክ «ይችንም ሰው ቤት እንዳታስገባብኝ» ብላ አስማለችኝ። ማልኩ። ዘምዘምን ዴም ውስጥ ልብስ ሰፊ ጋ አስገብቼ ሙያ እንድትለምድ አሰብኩ። ይህ የሚሆነው ግን እኔ ሰርግ ላይ እስከተጫወትኩ ድረስ ነው።

ደላላዋ ፋጤ ደግሞ የሰው ችግር ገና ሳይበስል የሚሸታት ሴት ናት። በሬ ላይ ቆማ፣ «አል-ማንሺያ ደህና ቤት አለ፤ አዳሪ ልጅ ይፈልጋሉ። እስከ ቅዳሜ ልያዝልህ?» አለችኝ። ልያዝልህ ማለቷ! ውለታ እንደምትውልልኝ ሁሉ።

አላህ ሳይደግስ አይጣላም ይባላል። በዚያው ሳምንት አል-ማንሺያ ዘበኛ የሆነ ሻምበል የሚባል የአገሬ ልጅ ደወለልኝ። የሠፈሩ አንድ ሱዳናዊ ሽማግሌ በጉብዝናቸው ባንድ ውስጥ ጊታር ይጫወቱ ነበር፤ ሞተዋል፣ ባለቤታቸውም ዕቃ ቤቱን እያስጠረጉ ነው። «አንድ ከባድ የሙዚቃ ሳጥን አለ፣ ውሰዱልኝ ይላሉ» አለኝ። ጫማዬን በቅጡ ሳላጠልቅ ሄድኩ።

አቧራውን በእጅጌዬ ጠረግኩ። አምፖል ያለው አምፕ ነው፤ ትራንዚስተር ከመምጣቱ በፊት እንደነበረው እንደ ጥንቱ ሬዲዮ፣ በውስጡ የብርጭቆ አምፖሎች የተደረደሩበት። ስሙን ሰምቼ እንጂ ነክቼው አላውቅም ነበር። ጨርቁ ተቀዷል፣ ጥግ ጥጉን አይጥ በልቶታል። እኔ ግን ሙሽራ ይዤ የምሄድ ያህል ሪክሻው ላይ አቅፌው ወደ ዴም ተመለስኩ።

የዚህ ዓይነቱ አምፕ እንደበራ አይናገርም፤ መሞቅ አለበት። ዘምዘም ከኋላው ተንበርክካ በቀዳዳዎቹ ወደ ውስጥ ትመለከታለች። አምፖሎቹ ቀስ እያሉ ቀላ አሉ።

«ጋሼ፣ ፋኖስ ነው እንዴ?» አለች።

እናታችን ቤት መብራት የገባው በቅርቡ ነው። ከዚያ በፊት ሲመሽ ፋኖሱን የምትሞላውም፣ ብርጭቆውን የምትወለውለውም ዘምዘም ነበረች።

«አዎ፣ ፋኖስ ነው» አልኳት። ቀልዴን ነበር። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እኔ ግን ያኔ ጊታሬን እንጂ አፌን አልሰማም ነበር።

መጀመሪያ መሬት ላይ አስቀመጥኩት፤ ድምፁ ጉድጓድ ውስጥ የገባ መሰለ። ወንበር ላይ ሳወጣው ጠራ፣ ከግድግዳው ፈቀቅ ሳደርገው ደግሞ ተነፈሰ። የቀጭኑን ድምፅ ቁልፍ ቀነስኩ። የጊታሯንም ድምፅ ከግማሽ በታች መለስኩ። ብዙ ሰው አምፕ ሲያገኝ ሁሉንም ቁልፍ እስከ ጥግ ያዞርና ጮኸብኝ ይላል። አሮጌ አምፕ እንደ አሮጌ ሰው ነው፤ ተረጋግተው ነው የሚያናግሩት። ለስለስ አድርጌ ስነካው ለሰለሰልኝ፣ ጠንከር ስል ጎርነን አለልኝ። ከሰዓት በኋላ ካህረባው፣ የመብራቱ ኃይል፣ ሲደክም፣ ሌላው ሰው ፍሪጄ ቆመ ብሎ ሲራገም፣ የኔ አምፕ ጭራሽ ድምፁ ወፈረ። አንዲት የአምባሰል ዜማ ጀመርኩ። ዘምዘም የምታጥበውን ልብስ ትታ መጣች። ደስታዬን የት ላድርገው!

ደስታዬ ግን ዕድሜ አልነበረውም። ዜማው ገና ሳይጋመስ አምፑ እንደ ፈንዲሻ ይንጣጣ ጀመር። ድምፁ ሄደ፣ መጣ፣ ደግሞ ሄደ። ሳጥኑን ብመታው ይመለሳል፣ እጄን ሳነሳ ይጠፋል። በማግስቱም እንደዚያው ሆነ። ሲሠራ እንደሱ ያለ የለም፤ የሚሠራው ግን ደስ ሲለው ነው።

ሬዲዮ የሚጠግን ኤል-ጠይብ የሚባል ሱዳናዊ ለመንኩ፤ ቤት ድረስ መጣ። የኋላ ክዳኑን ፈታና አምፖሎቹን በብዕር ጫፍ አንድ በአንድ ኳ ኳ አደረጋቸው። ሁለቱ ላይ ሲደርስ አምፑ ጮኸ። ኤል-ጠይብ ራሱን ነቀነቀ።

«ያ ዙል፣ ላምባ ኻላስ» አለ።

ዙል ሰውዬ ማለት ነው፤ ላምባ ደግሞ በነሱ ቋንቋ አምፖል ነው። አምፖሎቹ አልቀዋል፣ ሥራቸውን ጨርሰዋል ማለቱ ነው። ኦምዱርማን ከአንድ ወዳጁ እንደሚያመጣልኝ ነገረኝና «ቡክራ ኢንሻላህ»፣ ነገ ማለት ነው፣ ብሎ ሄደ። ዘምዘም በሩ ላይ ቆማ ነበር። ፊቷ ፍክት ብሏል፤ እንግዳ መጥቶላት መሰለኝ። ዐረብኛ ገደል የሆነባት ልጅ ናት። እስካሁን ያወቀችው ቃል ቢኖር «ኻላስ» ነው፤ እሱንም የተማረችው ዳቦ ቤት ነው። ተሰልፋ ተሰልፋ ተራዋ ሲደርስ ዳቦው ያልቅና ሰውየው «ኻላስ!» ብሎ መስኮቱን ይዘጋባታል።

ቡክራ መቼ እንደምትመጣ ኻርቱም የኖረ ሰው ያውቃል። ኤል-ጠይብ በነጋታው አልመጣም፣ ከዚያም አልመጣም፣ ስልኩም ዝግ ሆነ። እኔ ቤት ውስጥ እንደ ታሰረ ውሻ ዞርኩ። ሻዩ ቀጠነ ብዬ ዘምዘም ላይ ጮኽኩ፣ ሻዩ ወፈረ ብዬ ጮኽኩ። ሐሙስ ዕለት የአምፑን አቧራ ልትጠርግ ጠጋ ስትል «እንዳትነኪው!» ብዬ አስደነገጥኳት። ወዲያው አዘንኩ።

«ጋሼ፣ ነገ በዚህ ካልተጫወትክ ያቺ ሴትዮ ትወስደኛለች?» አለችኝ።

«ማንም አይወስድሽም።»

«ታዲያ ያለቀውን ነገር ለምን አናስገባለትም?»

«ሰውየው የታለና! ያለ ላምባ እንዴት ይሠራል?» አልኳት። በዐረብኛ መሐል ከኖርኩ ብዙ ዘመኔ ነው፤ የትኛው ቃል የማን እንደሆነ መለየት ትቻለሁ።

ጁምዓ ጧት ማልጄ የሰርጉን አዳራሽ ለማየት ወጣሁ፤ በዚያው ሰግጄ ተመለስኩ። ስገባ አምፑ በአንሶላ ተጠቅልሎ፣ በገመድ ታስሮ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። እንደ ሰው ልጅ አዘጋጅታዋለች። ዘምዘም ዓይኗን ተኩላ፣ አዲስ ሻርፕ አድርጋ ቆማለች። ሪክሻ ጠራንና እሷ የጊታሩን ገመድ፣ የውሃውን ኮዳ ይዛ፣ እኔ አምፑን አቅፌ ተሳፈርን። ሪክሻው እንደ ወትሮው ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል።

«ጋሼ፣ ሞልቼዋለሁ» አለችኝ ሳቅ እያለች።

ኮዳውን መሰለኝ። «ጎበዝ» አልኳት።

አዳራሹ ስንደርስ ካህረባ የለም። ጀነሬተሩን ከመድረኩ ጀርባ አስነስተውታል፤ የናፍጣው ጢስ በመስኮት እየገባ ሰዉን ያስነጥሳል። እኔም አፍንጫዬ ውስጥ የገባው ሽታ የጀነሬተሩ ነው ብዬ አንሶላውን ፈታሁ። አምፑን ወንበር ላይ አወጣሁት፣ አበራሁት፣ ይሙቅ ብዬ ቁጭ አልኩ። ሰርገኛው አብዛኛው የወሎ ሰው ነው። ጥዑመልሳን በኪቦርዱ ሙሽሮቹን አስገባ። ከዚያ ማዘንጊያ ወደኔ ዞረችና «አምባሰል» አለችኝ። ፈተናዬ እንደደረሰ ገባኝ።

የመጀመሪያውን ክር ነካሁ። ያ የለመድኩት መንጣጣት አልመጣም። ሁለተኛውን ነካሁ። ጥርት ያለ፣ ግን ወፍራም፤ ለስላሳ፣ ግን አዳራሹ ጥግ ድረስ የሚሄድ ድምፅ ወጣ። በሕይወቴ ሙሉ በጆሮዬ ውስጥ የነበረ፣ በእጄ ግን አንድም ቀን ያልመጣልኝ ድምፅ ነው። ስስበው ይሳባል፣ ስለቀው ቀስ ብሎ ይሞታል። ማዘንጊያ ዘፈኑን እንደያዘች ዞራ አየችኝና ራሷን ነቀነቀች። ወጥ ቤት ያሉት ሴቶች ማማሰያቸውን እንደያዙ በር ላይ ወጡ። ጥዑመልሳን ሁለት እጁን ከኪቦርዱ ላይ አንስቶ ያዳምጠኛል። አንድ የአገሬ አዛውንት ከወንበራቸው ተነስተው «እሰይ የኔ ልጅ!» አሉ። አለቀስኩ፤ አላፍርም፣ እየተጫወትኩ አለቀስኩ። ዘምዘም ከግድግዳው ሥር ቆማ ጣቷን ደረቷ ላይ ትቀስራለች። እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ትለኛለች። እህቱ ነኝ ማለቷ መስሎኝ እየሳቅኩ አወቅኩልሽ አልኳት።

ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል ከአምፑ ጀርባ ጢስ ወጣ። ቀጥሎ ቡፍ አለና ነበልባል ሆነ፤ ሰማያዊ ነበልባል፣ ከዚያ ቀይ። ሴቶቹ ጮኹ። አንዱ ሙዚቃ የማያውቅ ለጋስ ከጠረጴዛው የከርከዴ መጠጡን ጆግ አነሳና ሙሉውን ደፋበት። አምፖሎቹ እየፈነዱ ተሰባበሩ፣ ጀነሬተሩም ጠፋ። እኔ ድምፅ የሌላት ጊታር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ቀረሁ። ክር ነካሁ መሰለኝ። ምንም የለም።

አንድ ሰው ጀነሬተሩን መልሶ አስነሳው። ማዘንጊያ አላየችኝም፤ ጥዑመልሳንን ነው ያየችው። እሱም አንገቱን ደፍቶ ያችን ቁልፍ ተጫነ። ጊታሩ ከኪቦርዱ ወጣ፣ ሰርገኛውም ትንሽ ቆይቶ እስክስታውን ቀጠለ። ምን ያድርግ፣ ሰርግ ነው።

የተቃጠለውን ሳጥን ጎትቼ ውጭ አወጣሁት። ያኔ ነው ሽታው የተለየኝ። የጀነሬተር ናፍጣ አይደለም። ነጭ ጋዝ ነው፤ የልጅነታችን ቤት ሽታ።

«ጋሼ፣ ምን ሆነ?» አለች ዘምዘም ተከትላኝ ወጥታ። «እኔ እኮ እስከ አፉ አልሞላሁትም። በየብርጭቆው ላይ ትንሽ ትንሽ፣ በቀስታ ነው ያፈሰስኩት።»

«ምኑን?»

«ላምባውን ነዋ! ሰውየው ላምባ ኻላስ ሲል ሰማሁት። ገባኝ እኮ ጋሼ፤ አንድ ዐረብኛ ሙሉውን ሲገባኝ የመጀመሪያዬ ነው። ስትሰግድ ፍለጋ ወጣሁ። ባለሱቁን ላምባ ስለው የመብራት አምፖል አውጥቶ ሰጠኝ፤ ሳቅሁበት። ሌላውም አምፖል ሰጠኝ። አይሰሙም እነዚህ ሰዎች! በኋላ አንድ የኛ አገር ሰው ሱቅ አግኝቼ ነው። ደስ እንዲልህ ብዬ ነበር።»

ቁጣዬን ፈለግኩት። ለቀጠነ ሻይ የማላጣው ቁጣ ነው፤ ያን ቀን አጣሁት። ሁለት ባለሱቆች እውነቱን እጇ ላይ አስቀምጠውላት፣ እሷ ስቃ መለሰችላቸው። ልንገራት? ቦታዬን ያሳጣሽኝ አንቺ ነሽ፣ ራስሽን በራስሽ እጅ ለፋጤ አስረከብሽ ልበላት?

«አርጅቶ ነው ዘምዙ» አልኳት። «ያንቺ ላምባ ምንም አላደረገው። አርጅቶ ነው።»

አመነችኝ። እኔ ያልኳትን ሁሉ ታምናለች።

ቅዳሜ ፋጤ በጠዋት መጣች። ማታውን ለማዘንጊያ ደውዬ ነበር፤ «አንጀቴን በላኸው፣ ግን ምን ላድርግ» አለችኝ። ሌሎች ሁለት ባንዶች ጋ ደወልኩ፤ ሁለቱም ኪቦርድ አላቸው። ለቤቱ አከራይ ነገሬን ላስረዳ ሞከርኩ፤ ሰውየው ስለ ሙዚቃ ምንም መስማት አይፈልግም። እናቴ ጋ መደወል ግን አቃተኝ። ዘምዘም ልብሷን አንሶላው ውስጥ ቋጠረች፤ ያንኑ አንሶላ፣ አጥባ አድርቃ፣ ሽታው ግን አልለቀቀም።

«አታልቅስ ጋሼ» አለችኝ። «አዲስ አምፕ እስክታገኝ ነው። ከዚያ ትወስደኛለህ።»

«እወስድሻለሁ።»

ፋጤ «ያላ፣ መዳሟ ትጠብቃለች» አለች። ሪክሻው መታጠፊያው ጋ እስኪደርስ ቆሜ አየሁ። መሮጥ ይቻል ነበር። ሮጬስ? አውርጄስ? ወደ የቱ ቤት፣ በምን አኖራታለሁ?

ከቀትር በኋላ በሬ ተንኳኳ። ኤል-ጠይብ ነው፣ ሁለት አምፖል በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ጥርሱ ሁሉ እየሳቀ። «ቡክራ አላልኩህም?» አለኝ። የተቃጠለውን ሳጥን አሳየሁት፤ የሆነውን ነገርኩት። ጎንበስ ብሎ አሸተተ፣ አምፖሎቹ የሚሰኩበትን ቀዳዳ በጣቱ አሸት አሸት አደረገ። ቆይቶ ፊቱ ተለወጠ።

«ያ ዙል፣ ተሳስቼብህ ነበር» አለ። «ላምባዎቹ ጤነኛ ነበሩ። ያስቸገረህ እዚህ ቀዳዳው ውስጥ የገባ የዓመታት ቆሻሻ ነው። ጋዙ አጥቦ አውጥቶልሃል። ሳይበራ አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ደርቆ ቢሆን ኖሮ…» አልጨረሰውም። አምፖሎቹን በጋዜጣቸው ትቶልኝ ሄደ።

ለካ ያ ድምፅ የኔ አልነበረም። ቁልፍ ስቀንስ፣ ወንበር ስቀይር የከረምኩበትን ድምፅ ያወጣችው፣ ፋኖስ እንደምትሞላ ቀስ ብላ ያፈሰሰችው እህቴ ናት። ልነግራት ፈለግኩ፤ እንዴት እንደምነግራት ግን አላወቅሁም። አንዱን ስነግራት ሌላውን ታውቃለችና። ያላወቀችውን ይዛ ብትኖር ይሻላል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ከዚያ በኋላ ስልኳ ዝግ ነበር። አል-ማንሺያ ሄጄ ቤቱን ከውጭ አየሁት፤ ግንቡ ረጅም ነው። ሻምበል «ደህና ናት፣ በር ላይ ውሃ ስትደፋ አይቻታለሁ» አለኝ። እንዲህ ያለውን ወሬ እንደ በረከት ይዤ ተመለስኩ። ጊታሬን ግድግዳው ላይ ሰቀልኳት፤ ምን ትሠራልኛለች?

አንድ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ።

«ጋሼ።»

«ዘምዙ! ደህና ነሽ? ያበሉሻል? ይመቱሻል እንዴ?»

«ደህና ነኝ» አለችኝ በለሆሳስ። «ዛሬ መዳሟ ወደ ጣራው እያሳየችኝ ላምባ ኻላስ አለችኝ። እኔ ጋዝ ፍለጋ ጓዳ ገባሁ። ልጆቿ በጣም ሳቁብኝ።»

ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ።

«ጋሼ፣ ላምባ ለካ አምፖል ነው።»

«ዘምዙ፣ ስሚኝ፤ ያ ድምፅ ያንቺ…»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ያ የሰርጉ ድምፅ እኮ፣ ኤል-ጠይብ እንዳለው…»

ከወዲያ በኩል የሴት ድምፅ ስሟን ጠራ። ዘምዘም ስልኩን ከአፏ አራቀች መሰለኝ፣ ከሩቅ «ሓድር!» ብላ መለሰች፤ እሺ፣ ታዛዥ ነኝ ማለት ነው። አነጋገሯ አንድም ሀበሻነት አልነበረበትም፤ እዚያው ተወልዳ ያደገች ይመስል ነበር። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።